ቀይ ላባ የሰኩት አዛውንት የማን ወታደር ነበሩ?

ጥያቄው፦ «ግላስጎው መኖር ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። በኅዳር ወር በሚታሰበው የጦር ሰለባዎች ዕለት ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ኪልታቸውን (የስኮትላንድ ወንዶች የሚታጠቁትን ጉርድ ቀሚስ መሰል ልብስ) ታጥቀው፣ ቆባቸው ላይ ቀይ ላባ ሰክተው ሲወጡ አየኋቸው። ‹የብሪታንያ ጦር አባል ነበሩ?› ብዬ ብጠይቃቸው ‹የለም፣ እኔ ብላክ ዎች ነበርኩ› አሉኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ብላክ ዎች የሚባለው ሬጅመንት በ2006 ቀርቷል ይላል። ለመሆኑ ስኮትላንድ የራሷ ጦር አላት? ከሌላት ይህ ልብስ፣ ይህ ሙዚቃና ይህ ስም በትልቁ ጦር ውስጥ ሳይጠፋ እንዴት ቆየ?»

ምላሽ፦

አጭሩን መልስ ላስቀድም፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስኮትላንድ የራሷ ጦር የላትም። በ1707 የስኮትላንድና የእንግሊዝ ፓርላማዎች ተዋህደው ታላቋ ብሪታንያ ስትመሠረት ሁለቱ ጦሮችም አንድ ሆኑ። በ1999 ኤድንብራ ላይ ሥራ የጀመረው የስኮትላንድ ፓርላማ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጤናና ስለ ፍትሕ ይወስናል፤ መከላከያ ግን ዛሬም በለንደን እጅ ነው። ስለዚህ የጎረቤትዎን ደመወዝ የከፈለውም፣ ወደ ግዳጅ የላካቸውም የብሪታንያ መንግሥት ነው። ያም ሆኖ «የለም» ሲሉዎት እውነታቸውን ነው። ነገሩ የሚገባን ሬጅመንት የሚለው ቃል ለእርሳቸው ምን እንደሆነ ስናውቅ ነው።

እኛ ሬጅመንት፣ ብርጌድ፣ ክፍለ ጦር ስንል የምናስበው የዕዝ ደረጃን ነው። በብሪታንያ እግረኛ ጦር ግን ሬጅመንት ቤት ነው። ጦር ሜዳ የሚሰለፈው ሻለቃው ነው፤ ሻለቃውን የሚወልደው ሬጅመንቱ ነው። የራሱ የምልመላ አውራጃ፣ የራሱ የሰልፍ ዜማ፣ የተዋጋባቸው ቦታዎች ስም የተጠለፈበት የራሱ ሰንደቅ አለው። አባት ያገለገለበት ቤት ውስጥ ልጅ ይገባል። ወታደሩ ቃለ መሐላ የሚፈጽመው ለዘውዱ ቢሆንም በየዕለቱ የሚኮራበትና የሚያፍርለት ይህ ቤት ነው። ጎረቤትዎ የነገሩዎት የቤታቸውን ስም ነው።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ስኮትላንዳውያን በትልቁ ጦር ሳይዋጡ ጥንታዊ ማንነታቸውን በጽናት እንዳቆዩ ተደርጎ ነው። ጽናቱን አልክድም። ዓመታት በዚህ ታሪክ ላይ ካሳለፍኩ በኋላ የደረስኩበት ግን ሌላ ነው። ያ ማንነት ጦሩን ተቋቁሞ የተረፈ አይደለም። ጦሩ ራሱ ያቆየው፣ ራሱ ያስጌጠው፣ በኋላም ለመላው ስኮትላንድ ያከፋፈለው ነው። ጥንካሬውም ሆነ ዛሬ የሚታይበት ስስነት ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል።

ከብላክ ዎች ልጀምር። በ1725 ጄኔራል ጆርጅ ዌድ ሃይላንድ የሚባለውን ተራራማውን ሰሜን ለመቆጣጠር፣ ለመንግሥት ታማኝ ከነበሩ ጎሳዎች ስድስት ሻምበሎች አቋቋመ። ሥራቸው የከብት ዝርፊያን መከላከልና ትጥቅ ማስፈታቱን ማስከበር ነበር፤ በሌላ አነጋገር የገዛ ወገኖቻቸውን እንዲጠብቁ ነው የተመለመሉት። «ዎች» ዘብ ማለት ነው፤ «ብላክ» የተባሉት ደግሞ በልብሳቸው ጥቁረት እንደሆነ በተለምዶ ይነገራል። በ1739 ሻምበሎቹ ሬጅመንት ሆኑ፤ በማግስቱ ዓመት አበርፌልዲ አጠገብ በቴይ ወንዝ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት ተሰለፉ።

ሦስት ዓመት ሳይቆይ መከራ መጣ። በ1743 ንጉሡ ሊጎበኛችሁ ይፈልጋል ተብለው ወደ ለንደን ተወሰዱ። ሲደርሱ ንጉሡ ወደ አውሮፓ ተሻግሯል። ወደ ዌስት ኢንዲስ ደሴቶች ልትላኩ ነው የሚል ወሬም ተናፈሰ፤ ያን ጊዜ ወደዚያ መላክ ማለት ከጥይት ይልቅ በወባ ማለቅ ነበር። ሰዎቹ የተቀጠሩት በአገራቸው ተራሮች ላይ ሊያገለግሉ እንደሆነ ያምኑ ነበርና ከመቶ የሚበልጡት በሌሊት ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሰሜን አቀኑ። ኖርዝሃምፕተንሻየር ውስጥ ጫካ ላይ ተከበቡና እጃቸውን ሰጡ። ጁላይ 18 ቀን ሁለቱ ማክፈርሰኖች፣ ሳሙኤልና ማልኮም፣ እንዲሁም ፋርኳር ሾው በለንደን ግንብ ጓዶቻቸው እያዩ ተረሸኑ። የቀሩት ባሕር ማዶ ወዳሉ የጦር ሰፈሮች ተበተኑ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚከብደኝ የሁለቱ ወገን አለመግባባት ነው፤ መንግሥት ወታደር ቀጥሬያለሁ ብሎ ያስባል፣ ሰዎቹ ደግሞ ቃል ኪዳን ገብተናል ብለው ያምናሉ። ይኸው ሬጅመንት ከሁለት ዓመት በኋላ ፎንትኖይ ላይ ፈረንሳዮችን ሲገጥም ጀግንነቱ በመላው አውሮፓ ተወራለት።

ቀጥሎ «ከለደን» የሚባለው ስፍራ አለ። ኤፕሪል 16 ቀን 1746 በኢንቨርነስ አጠገብ የሆነውን ውጊያ ብዙ ሰው እንግሊዝ ስኮትላንድን የደመሰሰችበት አድርጎ ያየዋል። እንዲያ አልነበረም። በአንድ በኩል የተሻረውን የስቱዋርት ሥርወ መንግሥት ለመመለስ የተነሡት ጃኮባይቶች፣ በሌላው በኩል የመንግሥት ጦር ቆመው ነበር። በመንግሥት ጦር ውስጥ ደግሞ ሮያል ስኮትስን ጨምሮ የስኮትላንድ ሬጅመንቶችና የካምቤል ጎሳ ሚሊሻዎች ተሰልፈዋል። ስኮትላንዳዊ ከስኮትላንዳዊ ተዋጋ፤ ወንድማማች በየወገኑ የቆመበት ቤተሰብም ነበር።

ከመንግሥት ጦር ድል በኋላ የወጣው የአለባበስ ሕግ ለጥያቄዎ ዋነኛው ቁልፍ ነው። ኪልትና ባለ መስመር የሱፍ ጥለት የሆነው ታርታን በሃይላንድ ልብስነት እንዳይለበሱ ተከለከሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ስድስት ወር ይታሰራል፤ የደገመ ለሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ሕጉ ግን አንድ በር ክፍት ተወ፦ በንጉሡ ጦር ውስጥ ያገለገለ ይልበስ። በ1782 እስኪሻር ድረስ፣ ከ35 ዓመት በላይ፣ አንድ የሃይላንድ ጎልማሳ የአባቱን ልብስ ሕግ ሳይጥስ ሊለብስ የሚችልበት ቦታ የብሪታንያ ጦር ብቻ ሆነ። አባቱን ያሸነፈውን ጦር ሲቀላቀል አባቱን ይመስላል። ከዚህ የበረታ መመልመያ አላውቅም።

ውጤቱ ቶሎ ታየ። የፍሬዘር ጎሳ መሪ የነበረው ሎርድ ሎቫት በአመፁ ምክንያት በ1747 ለንደን ውስጥ አንገቱ ተቀላ። ልጁ ሳይመን ፍሬዘርም ከአመፀኞቹ ጋር ነበር፤ ምሕረት ተደረገለት። በ1757 መንግሥት በሰሜን አሜሪካ ፈረንሳይን ለመውጋት ሰው ሲያጥረው ይህ ልጅ ከአባቱ ጎሳ ሬጅመንት አዋቀረ። በ1759 ሰዎቹ በኩቤክ ሜዳ ላይ ተሰለፉ። አዛዣቸው ጄኔራል ጄምስ ዎልፍ ደግሞ ከለደን ላይ በወጣትነቱ የመንግሥት መኮንን ነበር። በ1751 በጻፈው ደብዳቤ ሃይላንዳውያን ጠንካሮች፣ ደፋሮችና አስቸጋሪ ምድር የለመዱ ስለሆኑ ጦሩን ቢቀላቀሉ መልካም እንደሆነ፣ ቢሞቱም ጉዳቱ የከፋ እንዳልሆነ ገልጾ ነበር። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ አድናቆቱም ንቀቱም አብረው አሉ። የአገልግሎቱ ታሪክ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተጓዘ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሰዘርላንዱን ሬጅመንት፣ 93ኛውን፣ ደግሞ ይመልከቱ። በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የተቋቋመው ከሰዘርላንድ ርስት ጭሰኞች ልጆች ነው። ልጆቹ በዘመቻ ላይ ሳሉ የርስቱ ባለቤቶች መሬቱን ለበግ ርቢ ፈለጉትና በ1810ዎቹ ጭሰኞቹን ከሸለቆዎቹ አባረሩ፤ ጎጆዎችም ተቃጠሉ። ኦክቶበር 25 ቀን 1854 በክራይሚያ ጦርነት ባላክላቫ ላይ የሩሲያን ፈረሰኞች በሁለት ረድፍ ብቻ ቆሞ የመለሰውና «ቀጭኑ ቀይ መስመር» የሚል ስም ያተረፈው ይኸው ሬጅመንት ነው። በዚያው ዘመን የሰዘርላንዱ መስፍን አዲስ ምልምል ፍለጋ ወደ ርስቱ ሲወጣ፣ የተሰበሰበው ሕዝብ በጎችህን ላካቸው ብሎ እንደመለሰለት በአካባቢው ይተረካል። ሰው ያልቀረለት ሸለቆ ወታደር ሊሰጥ አይችልም።

የሃይላንድ ሬጅመንቶች ከሃይላንድ ሰው ማግኘት ያቃታቸው ከዚያም በፊት ነበር። በ1809 ስድስት ሬጅመንቶች ኪልታቸውን እንዲያወልቁ የታዘዙት ልብሱ የሌላ አካባቢ ምልምሎችን ያርቃል ተብሎ ነው። በ1830 ገደማ ስኮትላንዳውያን ከመንግሥቱ ሕዝብ አንድ አሥረኛ ያህል ሲሆኑ በጦሩ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ ከ13 በመቶ ጥቂት ከፍ ይል ነበር። አይሪሾች ግን ከ40 በመቶ ያልፉ ነበር። በቁጥር አይሪሹ ሦስት እጥፍ ሆኖ ሳለ የሕዝብ ዓይን ውስጥ የገባው ባለ ኪልቱ ነው። ልብሱ ከሰዎቹ ቁጥር በላይ እየገነነ ሄደ።

በ1881 የሆነው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስደንቀኛል። የብሪታንያ እግረኛ ጦር በየአውራጃው ሲደራጅ፣ ሎውላንድ የሚባለው የደቡቡ ዝቅተኛ ምድር ሬጅመንቶች የታርታን ሱሪና የሃይላንድ አቆራረጥ ያለው ኮት እንዲለብሱ ታዘዙ። የእነዚህ ሰዎች ቅድመ አያቶች ሃይላንዳዊውን እንደ ከብት ሌባ ያዩት ነበር፤ ጃኮባይቶችንም ተዋግተዋል። በአንድ ትእዛዝ የግላስጎውም፣ የኤድንብራም፣ የድንበሩም ወታደር ታርታን ለባሽ ሆነ። ዛሬ በሠርግና በኳስ ሜዳ የምታዩት ኪልት ሁሉ ከጦሩ ወጣ አልልም፤ ጸሐፊዎችም፣ ታርታንን አጥብቃ የወደደችው ንግሥት ቪክቶሪያም ድርሻ አላቸው። ሰፊው ሕዝብ ግን በየአደባባዩ በቋሚነት ያየው ለባሽ ወታደሩ ነበር። ከብብት ስር በተያዘ አቁማዳ አየር የሚነፋው ባግፓይፕ ከከበሮ ጋር የሚሰለፍበት ወግም የጦሩ ሥራ ነው።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ይህ ሁሉ በደም ተፈተነ። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1915 ፈረንሳይ ውስጥ በሎስ ጦርነት 9ኛውና 15ኛው የስኮትላንድ ክፍለ ጦሮች በአንድ ቀን ወደ እሳት ገቡ። ባግፓይፕ ነፊው ዳንኤል ሌይድሎ መርዝ ጋዝ የደበደበውን ሻለቃውን ለማደፋፈር ከምሽጉ ጫፍ ላይ ወጥቶ እየነፋ ቆሰለ፤ ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ። ከአንድ ሠፈር ተመልምሎ በአንድ ሻለቃ መሰለፍ ክብር ነው፤ ሲመታ ግን አንድ ሠፈር በሙሉ ነው የሚያለቅሰው። በ1940 51ኛው የሃይላንድ ክፍለ ጦር ዋና ክፍሉ ፈረንሳይ ውስጥ ሳን ቫሌሪ ላይ ተከቦ ለጀርመኑ ጄኔራል ለሮሜል እጁን ሲሰጥ የሃይላንድ መንደሮች ልጆቻቸውን በአንድ ቀን ለምርኮ ገበሩ። ክፍለ ጦሩ እንደገና ተቋቁሞ በግብፅ ኤል አላሜይን ተዋጋ፤ በሴፕቴምበር 1944 ሳን ቫሌሪን ነፃ እንዲያወጣ የላኩት ይኸንኑ ክፍለ ጦር ነው። የበላይ አዛዦቹ እንዲህ ማድረጋቸው ትክክል ነበር እላለሁ።

ሎቫትን አልረሳሁትም። ጁን 6 ቀን 1944 በኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ የኮማንዶ ብርጌድ እየመራ የወረደው አዛዥ የያዘው በ1747 አንገቱ የተቀላውን ሰው ማዕረግ ነው፤ እርሱም ሳይመን ፍሬዘር፣ ሎርድ ሎቫት ይባል ነበር። የለንደን የጦር ሚኒስቴር በውጊያ ላይ ባግፓይፕ እንዳይነፋ ከልክሏል። ነፊው ቢል ሚሊን ይህን ክልከላ ሲያስታውሰው ሎቫት፣ ያ የእንግሊዞች የጦር ሚኒስቴር ነው፣ እኔና አንተ ግን ስኮትላንዳውያን ስለሆንን አይመለከተንም አለው። ሚሊንም በጥይት መካከል እየተመላለሰ ነፋ። ጎረቤትዎ «የለም» ያሉበትን መንፈስ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር ላሳይዎት አልችልም። ሎቫት የብሪታንያ ጄኔራሎችን ትእዛዝ ይዞ ነው የወረደው፣ ለማሸነፍም ነው የወረደው፤ ማን እንደሆነ የሚነግረው ግን ሚኒስቴሩ አይደለም።

እኛ ለዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለንም። በ1868 በጄኔራል ናፒየር ሥር ወደ መቅደላ ከዘመተው ጦር ሬጅመንቶች አንዱ 26ኛው፣ ካሜሮኒያን የሚባለው የደቡብ ስኮትላንድ ሬጅመንት ነው። «አቢሲኒያ» የሚለው ቃል በክብር ስሞቹ ዝርዝር ውስጥ ገብቶለታል፤ የአፄ ቴዎድሮስን መጨረሻ በእንባ የምናስታውሰው እኛ ይህን ማወቅ ይገባናል። በ1941 ደግሞ የካሜሮን ሃይላንደርስ ሁለተኛ ሻለቃ ከሕንድ ወታደሮች ጋር በአንድ የሕንድ ክፍለ ጦር ተሰልፎ ከረን ላይ ጣሊያንን ገጠመ። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ የያዙት ሸንተረር ካሜሮን ሪጅ ተባለ። ከረን ማርች 27 ቀን እስክትያዝ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ቀርተው ነበር። የጣሊያን የምሥራቅ አፍሪካ ይዞታ ጀርባው ከተሰበረባቸው ውጊያዎች አንዱ ይህ ነው፤ ሜይ 5 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመልሰዋል። ሁለቱን ስሞች ግን አያምታቱ። የመቅደላው ሬጅመንት የተሰየመው በ1680 በተገደለው የፕሮቴስታንት ሰባኪ በሪቻርድ ካሜሮን፣ የከረኑ ደግሞ በ1793 ባቋቋመው በአለን ካሜሮን ነው።

የካሜሮኒያን ነገር ካነሣሁ መጨረሻቸውን ልንገርዎት። የተቋቋሙት ሜይ 14 ቀን 1689 በዳግላስ መንደር፣ ለእምነታቸው ሲሳደዱ ከነበሩ ሰዎች ነው፤ ለዚህም መታሰቢያ ዘብ አቁመው መሣሪያ ይዘው የሚጸልዩበት ወግ ነበራቸው። መንግሥት በ1960ዎቹ ጦሩን ሲቀንስ ከሌላ ጋር ተዋህደው ስማቸውን ከማጣት መፍረሱን መረጡ። ሜይ 14 ቀን 1968፣ በዚያው ዳግላስ፣ ዘብ አቁመው ለመጨረሻ ጊዜ ጸለዩና ተበተኑ። በዚያው ዓመት ሊፈርስ የተወሰነበት የአርጋይልና ሰዘርላንድ ሬጅመንት ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ የድጋፍ ፊርማ ተሰበሰበለት። ወደ አንድ ሻምበል ወርዶ ከቆየ በኋላ በ1972 ተመለሰ። ካሜሮኒያን ለምን ተመሳሳይ ዘመቻ አላካሄዱም ብለው የሚወቅሱ አሉ፤ እኔ ግን ያን ጸሎት ከፊርማው አላሳንሰውም።

አሁን ወደ ባልደረባዎ አባባል እንምጣ። ግማሽ እውነት ነው። በ2004 ብላክ ዎች በባግዳድ አቅራቢያ ዘምቶ ወታደሮቹን በሚያጣበት በዚያው መኸር፣ የስኮትላንድ ሬጅመንቶች ሊዋሃዱ ነው የሚለው ዕቅድ ሕዝቡን አስቆጣ። ተቃውሞው አላዳናቸውም። ማርች 28 ቀን 2006 ስድስቱ ሬጅመንቶች የስኮትላንድ ንጉሣዊ ሬጅመንት በሚል አንድ ስም ተጠቃለሉ። ቀኑ የተመረጠው ከሁሉ አንጋፋው ሮያል ስኮትስ በ1633 የተመሠረተበት ስለሆነ ነው። ብላክ ዎች ሦስተኛ ሻለቃ ሆነ፤ ስሙን ከቁጥሩ ጋር ያዘ፣ ቀይ ላባውንም ያዘ። ሌሎቹም እንደዚሁ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ላባ ተሰጣቸው። የጋራ ኪልት፣ የጋራ ባጅ፣ የየራስ ላባ። ትልቁ ጦር ለስኮትላንድ ያደረገውን፣ አዲሱ ሬጅመንት ለየቤቶቹ በአነስተኛ መጠን ደገመው።

የስስነቱም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ላባ በበጀት ሚዛን ላይ ክብደት የለውም። የአርጋይል ሻለቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አንድ ሻምበል ወርዶ በኤድንብራ የክብር ዘብነት ተመደበ። የሮያል ስኮትስን ውርስ የያዘው አንደኛው ሻለቃ በዲሴምበር 2021 ከስኮትላንዱ ሬጅመንት ወጥቶ የአዲሱ ሬንጀር ሬጅመንት አካል ሆነ። በ2014 በተካሄደው የነፃነት ሕዝበ ውሳኔ የስኮትላንድ መንግሥት 15,000 መደበኛ ወታደሮች ያሉት የራሷ መከላከያ ኃይል እንደሚገነባ ቃል ገብቶ ነበር፤ 55 በመቶው ሕዝብ መገንጠሉን ስላልተቀበለ ዕቅዱ በወረቀት ቀረ። ያን ጊዜ ብዙ አንጋፋ ወታደሮች ለኅብረቱ የቆሙት ስኮትላንዳዊነታቸው ስላነሰ አይደለም። የሚያውቁት ስኮትላንዳዊነት በብሪታንያ ጦር ውስጥ ያደገው ነው። በተቃራኒው የቆሙም ነበሩ፤ ለእነርሱ ደግሞ የ2006ቱ ውሳኔ የለንደን ፊርማ ቤትን እንደሚያፈርስ ያሳየ ነበር። ሁለቱም ወገን ከአንድ ማድቤት የወጣ እንጀራ የበላ ነው።

ጎረቤትዎን መጠየቅ የሚፈልጉ ከሆነ ስኮትላንዳዊ ናቸው ወይስ ብሪታንያዊ ብለው አይጠይቋቸው። በየትኛው ዓመት እንደገቡ፣ ከቤተሰባቸው ከእርሳቸው በፊት ማን እዚያ እንደነበረ ይጠይቋቸው። ከፈቀዱም አብረዋቸው ወደ ፐርዝ ይሂዱ፤ ከግላስጎው በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ባልሁሲ በተባለው ግንብ ውስጥ የብላክ ዎች ሙዚየም አለ። እርሳቸው ቀድመው ይግቡ፣ እርስዎ ከኋላ ይከተሉ፤ የት ላይ እንደሚቆሙ ልብ ይበሉ።